ጀልባው ምን ይልበስ

ባለፈው ዓመት መጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ ከጀመረ ሳምንት ሳይሞላው፣ ጀልባው ውስጥ ውሃ አገኘሁ።

ጀልባ የምለው እውነተኛ ጀልባ ነው። እዚሁ ዲላ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ግቢዬ ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር ተቀምጧል። ርዝመቱ አራት ሜትር ይሆናል። ከዋንዛ ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ወለሉ ዝርግ፣ ፊቱ ሾል ያለ። ላስቲክ አልብሰነው የላስቲኩን ዳር በድንጋይ ይዘነው ነበር። ለካ የአቮካዶው ፍሬ እየወደቀ ላስቲኩን ሦስት ቦታ በስቶታል። የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። በጣሳ ቀድቼ ከጨረስኩ በኋላ ሳንቃውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ለስለስ አለብኝ። ቀለሙ አብጧል፤ አንድ ጥግ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቷል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሄጄ ለመምህር ልንገረው የሚል ነበር። እንዲያውም ወደ ግቢው በር ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምጃለሁ። ከዚያ ነው መምህር ዲላ እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር።

ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን፤ የምንጠራራውም «መምህር» እየተባባልን ነው። እኔ የእንጨት ሥራ አስተምር ነበር፣ እሱ ፊዚክስ። የኔ አባት ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ የተወለድኩትም ያደግሁትም ዲላ ነው። መምህር ደግሞ የቡሌ ልጅ ነው፣ ጌዴኦ። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ፕሮቴስታንት። ሠላሳ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ሠርተን፣ በአንድ ዓመት ጡረታ ወጣን።

ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ተበትኖ ካለቀ በኋላም መምህር መምጣቱን አላቋረጠም። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ብዙ አናወራም። የሱም ሚስት ከዚያ በፊት አርፋ ስለነበር ምን ማለት እንደማያስፈልግ ያውቃል። ታዲያ አንድ ቀን፣

«መምህር፣ ጀልባ እንሥራ» አለኝ።

«የምን ጀልባ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነገር ለምን እንደሚንሳፈፍ ሳስተምር ኖርኩ። እኔ ግን አንድም ቀን ተንሳፍፌ አላውቅም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። በሳምንቱ ደብተር ይዞ መጣ፤ ደብተሩ ላይ በእርሳስ የተሳለ ጀልባ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብን። እሱ ያሰላል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ አብረን እንልጋለን። በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ጥጥ እየወተፍን ሬንጅ አፈሰስንበት። ሰፈርተኛው በአጥሩ በኩል እያየ «እነ ኖኅ እንዴት ዋላችሁ» ይለን ነበር። ጥር ላይ በአይሱዙ ጭነን ወደ አባያ ሐይቅ ወረድን። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ ጀልባችንን ዞሮ ዞሮ አየና «ከብዷል፣ ግን ይሄዳል» አለን። ሄደ። አንድ ሰዓት ያህል ቀዘፍን። ውሃው ቀይ ነው፣ የጎርፍ ቀለም አለው። መምህር ከፊት ተቀምጦ እጁን ውሃው ውስጥ ሲሰድ ዓሣ አጥማጁ ከዳር ሆኖ «አዞ አለ! እጅህን አንሳ!» ብሎ ጮኸበት። እጁን አነሳ፤ ግን መልሶ ሲሰድ አይቼዋለሁ።

በወሩ ተመልሰን እንሄዳለን ብለን ጀልባውን ወደ ቤቴ አመጣነው፤ ያን ላስቲክ ያኔ ነው የጣልንበት። በወሩ አልሄድንም፤ አንዴ የእሱ ጉዳይ፣ አንዴ የእኔ ጉልበት ይዞን። ሰኔ ላይ መምህር ደጃፉ ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፣ ምላሱ ተያዘ። ሐምሌ ላይ ትልቁ ልጁ መጥቶ ወደ ቡሌ፣ ወደ አባቱ መሬት ይዞት ወጣ። ጀልባውም እኔም ቀረን።

ያን ቀን በጣሳ የቀዳሁት ውሃ ነው እንግዲህ ያስነሳኝ። ለስምንት ወር ዞር ብዬ ያላየሁትን ጀልባ ምን ላልብሰው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ወደ ገበያ ወጥቼ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባሁ። ሻጯ ወጣት ሴት ናት።

«ጠንካራ ሸራ ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«ለቡና ማድረቂያ ነው ጋሼ?»

«አይደለም።»

እንዳዘነ ሰው ሆነችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለቅሶ አለ? ለድንኳን ነው?» አለችኝ።

«የለም፣ ለጀልባ ነው።»

«ለምን?»

«ለጀልባ። ቤቴ ጀልባ አለ። ዝናብ እየገባበት ነው።»

አልሳቀችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ከጀርባዋ አረንጓዴ ሸራ ጎትታ አወጣች። «ይሄ ለአይሱዙ ጭነት የሚሆን ነው። ጠብታ አያሳልፍም» አለች። ተሸክሜው ወደ ቤት ሄድኩ።

ጠብታ አለማሳለፉ እውነት ነበር። ጀልባው ላይ ወጥሬ በገመድ አሰርኩት። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ውሃው መሐሉ ላይ ተጠራቅሞ ሸራውን ወደ ውስጥ አጎበጠው። ያን ስህተት በቀላሉ አቃናሁት፤ ከፊት እስከ ኋላ አንድ የባህር ዛፍ አጣና ከፍ አድርጌ ዘረጋሁና ሸራውን እንደ ድንኳን አለበስኩት። ውሃው በሁለቱም ጎን መፍሰስ ጀመረ። በጣም ደስ አለኝ። የሚያየው ሰው ስላልነበረ ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ እያልኩ ራሴ አየሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈታሁት። ገና ጠርዙን ሳነሳ ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ፤ የሻጋታ ሽታ። የሸራው ውስጠኛ ገጽ በሙሉ አልቦት ይንጠባጠባል። አንዲት የዝናብ ጠብታ አልገባችም፣ ጀልባው ግን ርሷል። የእንጨቱ እርጥበት በቀን ሙቀት ይወጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ተመልሶ እዚያው ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት እንጨት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንጨት መተንፈስ እንዳለበት ለስንቱ ተማሪ ነግሬያለሁ። ብሎኬት ላይ ቁጭ ብዬ ሸራውን አየሁት። መምህር ቢኖር ኖሮ ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት ያውቀው ነበር። ይነግረኝም ነበር፤ እኔም እከራከረው ነበር።

እሁድ ልጄ ደወለች። አዳማ ነው የምትኖረው፣ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር። እሁድ እሁድ አትቀርም።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ጀልባውን እያናፈስኩ።»

«አሁንም እሱ ጀልባ? ለምን አትሸጠውም? ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አይገዙህም?»

«የኔ ብቻ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን እሳቸው ከእንግዲህ...» አለችና ሐሳቧን ሳትጨርስ ወደ ሌላ ዞረች። «አባዬ፣ እኛ ጋ ና። ክፍሉ ባዶውን ነው ያለው። ሰው ለጀልባ ብሎ ብቻውን ይቀመጣል?»

«ለጀልባ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ብለህ ነው?»

«ካርድሽ እንዳያልቅ» አልኳት። የደወለችው በጥቅል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «እሺ አባዬ» ብላ ዘጋችው።

ከጎረቤት ያሉ እናት፣ አጥር ለአጥር የምንጎራበት፣ ሸራውን ሳሰጣ አይተው «በኮባ ሸፍነው፤ ቅጠል አያፍንም» ብለው ከጓሯቸው የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ሰጡኝ። ለአንድ ሳምንት እውነትም ጥሩ ነበር። ከዚያ ቅጠሉ ደረቀ፣ ተተረተረ፤ ነፋስ ወሰደው። እንደገና ለመጠየቅ አፈርኩ።

የቀረው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። መጀመሪያም አውቀው ነበር። አራት ምሰሶ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት፤ ዝናቡን ይከለክላል፣ አየሩን ያሳልፋል። ለእንጨት ከዚህ የተሻለ መጠለያ የለም። ግን እጄ አልሄድልህ አለኝ። ሸራ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ይፈታል፤ መምህር ተሽሎት ቢመጣ ፈትተን፣ ጭነን፣ ወደ አባያ ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ ምሰሶ ከተከልኩ ግን ጀልባው የትም እንደማይሄድ እኔው በእጄ አረጋገጥኩ ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ ብትሰማው ታለቅስ ነበር።

ደግሞ ሌላም ጥያቄ ነበረብኝ። ጀልባው ሲቀመጥ ይደፋ ወይስ ይቅና? ይህ የቆየ ጭቅጭቃችን ነው። መምህር «ጀልባ ሥራ ሲፈታ ይደፋል፣ እንደ ታጠበ ድስት» ይላል። እኔ ደግሞ ሲደፋ ወለሉን ሙቀት ያገኘዋል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል ባይ ነኝ። ሳንስማማ ነው የቀረነው። አሁን ጣሪያውን ከመሥራቴ በፊት መወሰን ነበረብኝ፣ ምክንያቱም የምሰሶዎቹ ርቀትና የመደገፊያዎቹ ቁመት በእሱ ይወሰናል። ብቻዬን መወሰን ደግሞ አልፈለግሁም። እናም ግንቦት ላይ ቡሌ ልጠይቀው ሄድኩ። ከታመመ ወዲህ ያየሁት አንዴ ብቻ ነበር፣ ሊወስዱት መኪና ላይ ሲያወጡት።

ሚኒባሱ ሽቅቡን ይዞ ሲወጣ የዲላ ሙቀት ወደ ኋላ ቀረ። ከመናኸሪያው ወርጄ ግማሽ ሰዓት ያህል በጭቃ ሄድኩ። ጭጋጉ እንሰቱን እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። የልጁ ሚስት ደጅ ላይ አገኘችኝ።

«አባባ መጣህ? ግባ፣ ግባ፤ ብርድ ነው» አለችኝ። በዚያ በኩል ሰው አማርኛ ሲናገር አንቱታ አያበዛም፤ ለእኔ እንዲያውም የቤተሰብ ሆኖ ተሰማኝ።

መምህር እሳቱ አጠገብ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ከስቷል። ጎንበስ ብዬ ጉንጩን ሳምኩት።

«መምህር፣ እኔ ነኝ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰና «እሺ» አለ።

«ደህና ነህ? ትበላለህ?»

«እሺ።»

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«እሺ።»

የልጁን ሚስት ቀና ብዬ አየኋት። አቀርቅራ እሳቱን እየቆሰቆሰች ነበር። «አባባ፣ አማርኛው ጠፍቶበታል» አለችኝ። «እኛ ጋ በጌዴኦኛ ጥቂት ጥቂት ያወራል። ውሃ ስጡኝ ይላል፣ ላሞቹ ገቡ ወይ ይላል። በአማርኛ እሺ ብቻ ነው የቀረው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን እንደተሰማኝ በቅጡ መናገር ይከብደኛል። ዲላ ተወልጄ፣ ጸጉሬ እዚያ ሸብቶ፣ ከሰላምታ አልፌ ጌዴኦኛ አልችልም። ሳልማር የቀረሁት ጠልቼው አይደለም። አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር፤ ገበያው በአማርኛ ነው፣ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ነው፣ መምህርም በአማርኛ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እሱ ነበር ወደ እኔ ቋንቋ የሚመጣው። አሁን መምጣት ሲያቅተው፣ እኔ ወደሱ የምሄድበት መንገድ አልነበረኝም።

«እባክሽ ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አልኳት። «ጀልባው ይደፋ ወይስ ይቅና በይው።»

«ጀልባ?» ብላ አሰበች። «ለጀልባ ቃል አላውቅም እኔ። ውሃ ላይ የሚሄድ እንጨት ልበለው?»

«በይው።»

ወደሱ ጠጋ ብላ ነገረችው። ረዘም አድርጋ ነው የነገረችው፤ በእጇም አሳየችው። መምህር ሰማት። ከዚያ ወደኔ ዞረና ደህናውን እጁን፣ ግራውን፣ ከጋቢው ውስጥ አወጣ። አየር ላይ ትንሽ አቆየው። ቀስ ብሎ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«ይደፋ እያለኝ ነው!» አልኳት።

ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እንጃ አባባ። ሲደክመው ሁልጊዜ እጁን እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

እኔ ግን መልስ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ከዚህ ሌላ የምይዘው ምልክት የለኝም።

ዲላ እንደገባሁ ሥራውን ጀመርኩ። አራቱን ጉድጓድ ራሴ ቆፈርኩ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ወገቤን ደግሞ ለሳምንት ያዘኝ። ምሰሶው የባህር ዛፍ ነው፤ መሬት የሚገባውን ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባሁት። ቆርቆሮውን ወደ አንድ ጎን አዘንብዬ መታሁ፣ ውሃው ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ወደ ራሴ ጓሮ እንዲወርድ አድርጌ። አቮካዶው በላዩ እንዳይረግፍበትም ቦታውን ከዛፉ አራቅሁት።

ጀልባውን ለማንቀሳቀስ ግን ብቻዬን አልችልም። ከቅዳሴ መልስ አንድ እሁድ የሰፈር ሰዎች ለመንኩና ስድስት ሆነው መጡ። አንሥተው፣ አዙረው፣ ከመሬት ጉልበት ድረስ ከፍ ባሉ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ደፉልኝ። ሁሉም ሥራውን በአሥር ደቂቃ ጨርሰው እጃቸውን አራገፉ። አንዱ «አሁን ማን ይሄድበታል ጋሼ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ክፋት አልነበረውም። «እስቲ እናያለን» አልኩት። ቁጭ በሉ፣ አፋችሁ ላይ የምታደርጉት ነገር ላምጣ ብል ሁሉም ጉዳይ ነበራቸው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራብ በኩል ገብታ የተደፋውን ወለል እንደምትመታው ያን ቀን አየሁ። ፍርሃቴም እሱ ነበር። ለመምህር ልጅ ስልክ ደውዬ ቀርከሃ እንዲልክልኝ ለመንኩት፤ በሳምንቱ አንድ እስር በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወርዶ መጣልኝ። ሰንጥቄ፣ ክፍተት እየተውኩ፣ በዚያ ጎን እንደ አጥር ሠራሁት። ፀሐዩን ይከለክላል፤ ነፋሱን ግን ያሳልፋል። የበሰበሰችውን አንዲት ሳንቃ አውጥቼ ቀየርኩ፤ መጋጠሚያውን እንደገና በጥጥና በሬንጅ ሞላሁ። ሐምሌ ሳይገባ ሁሉም አለቀ።

ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ከሥሩ እጄን እሰድ ነበር። ደረቅ ነው። በማግስቱም ደረቅ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲጮህ ሰውነቴ ለሥራ ይነሣል፤ ከዚያ የሚሠራ ነገር እንደሌለ አስታውሳለሁ። በልግ ላይ ሸራው ሲያልበው፣ ቅጠሉ ሲበተንብኝ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አላውቅም ነበር። አሁን በሦስት ሰዓት ጠዋት ቀኑ ያልቅብኛል። ያ ሁሉ መጨነቅ ምን ያህል ጠቅሞኝ እንደነበር የገባኝ መጠለያው ካለቀ በኋላ ነው።

መስከረም ላይ መንገዱ ትንሽ ሲደርቅ ተመልሼ ቡሌ ወጣሁ። የመጠለያውን ፎቶ በስልኬ አንሥቼ ይዣለሁ። ጀልባው በግልጽ አይታይም፤ ቆርቆሮው፣ ምሰሶዎቹ፣ የቀርከሃው ጎን ናቸው የሚታዩት። መምህርን ፀሐይ ላይ አውጥተውት ነበር። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋሁለት። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ለልጁ ሚስት አንድ ነገር አላት።

«ምን አለ?» አልኳት ተጣድፌ።

ለመናገር አመነታች። «ይሄ የማን ቤት ነው አለ።»

«የኛ ነው በይው። የሱና የኔ።»

ነገረችው። ፎቶውን እንደገና አየ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ይሄ ሰው ማን ነው በሚል ዓይን ወደ እሷ ዞረ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጭጋጉ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ፣ እጁን ይዤ ቆየሁ። እጁን አልነጠቀኝም።

ስነሣ የልጁ ሚስት እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

«በጌዴኦኛ ‹ተመልሼ እመጣለሁ› እንዴት ነው የሚባለው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ነገረችኝ። ደገምኩት። አፌ ስላልታዘዘልኝ ሳቀች፤ ደግማ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ልነግረው ወደ ቤቱ ተመለስኩ፤ ግን አንዲት ልጅ ከበሩ ወጥታ «እንቅልፍ ወስዶታል» አለችኝ። ስለዚህ እየተለማመድኩ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለው ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን የዲላ ሙቀት ሲቀበለን ግማሹ ጠፍቶብኝ ነበር።